አርቪድ «ይቆያል» ካለ ጎጆህን ጎትት

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ነገን አውቃለሁ ባይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሚኒሶታ ውስጥ ላለችው ለእኛ ትንሽ ከተማ የደረሰን ክቡር ነቢይ አርቪድ ሉንድክቪስት ነው፤ ጡረታ የወጣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አንድም ትንቢት ሰምሮለት የማያውቅ።

ባለቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ «ዓይን ያማል፤ ዓመት አይዘልቅም» አለ። ኮምፒውተር ሲመጣ «ማን ቤቱ ያስገባዋል? ፋብሪካ ነው እንዴ?» አለ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል፣ መብራት ይጠፋል ብሎ ምድር ቤቱን በቆርቆሮ ባቄላ ሞላው፤ እስከ ዛሬ ቤቱ የሄደ እንግዳ ባቄላ ነው የሚቀርብለት። «መኪና መብረሩ አይቀርም» ብሎም የጋራዡ ጣሪያ ላይ በር አወጣ። መኪናው ያው መሬት ላይ ነው፤ በረዶው ግን በዚያ በር ገብቶ አብሮት ያድራል።

«ተሳሳትክ እኮ» ስትለው «ምን አስቸኮላችሁ? ቆዩ፣ ታያላችሁ!» ይልሃል።

ከተማዋ ግን ሞኝ አይደለችም። በብርዱ ወራት ሐይቃችን በረዶ ሆኖ ሲጋገር ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ጎጆ ተክሎ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል። በረዶው ሲሳሳ ጎጆውን ቶሎ ጎትቶ ያላወጣ ሰጠመበት ማለት ነው። ስለዚህ አርቪድ ቁርስ ቤት ገብቶ «በረዶው ገና ወር ይቆያል» ያለ ዕለት፣ ሰው እንቁላሉን ትቶ ወደ ሐይቁ ይሮጣል። የማንም ጎጆ ሰጥሞ አያውቅም። ከራሱ ከአርቪድ በቀር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የቬርና ባል ኤልመር ልቡን ታመመና ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ሆነ። ሐኪሞቹ «ግማሽ በግማሽ ነው» አሏት። በዋዜማው ቬርና ቁርስ ቤት ገብታ አርቪድ ፊት ቆመች።

«ጋሼ አርቪድ፣ ኤልመር ይተርፍልኛል?»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። አርቪድና ኤልመር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ጎጆ ተክለው፣ እየተሰዳደቡ ዓሣ ያጠመዱ ናቸው። የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ። እጇን ያዘና፣

«አይዞሽ እህቴ፣ ኤልመር እኮ...» ብሎ ጀመረ።

የቬርና ፊት አመድ መሰለ። አስተናጋጇ ግሬታ ከወዲያ «ኧረ በፈጠረህ!» ብላ ጮኸች።

አርቪድ ቀና ብሎ የሁላችንንም ፊት አየ። ምን እንደገባው እሱ ይወቅ። ጉሮሮውን ጠርጎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«ኤልመር እኮ አለቀለት! የነገን ማታ አያያትም! የቀብር ሱፌን ላውንደሪ ሰጥቻለሁ፤ ቆዩ፣ ታያላችሁ!»

ቬርና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» እያለች ሳመችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ቁርስ አዘዘች። ከስንት ቀን በኋላ እህል መቅመሷ ነበር።

ኤልመር ተረፈ። ነርሶቹን እየተሳደበ ነው የነቃው አሉ።

አሁን አርቪድ በየጠዋቱ በደጃቸው ሲያልፍ «አንተ ሬሳ! ዛሬን አትውላትም!» ብሎ ይጮህለታል። ኤልመርም በመስኮት «አሜን!» ይላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን የአርቪድ ድምፅ ጠፋ። ቬርና ሾርባ ይዛ፣ በረዶውን እየጣሰች ሄዳ በሩን ደበደበችው።

«ጋሼ አርቪድ! ምነው ዛሬ ሳትረግምልኝ ረፈደ?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። «ተዪኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል። እንጃ፣ ይሄ እንኳ ይዞኝ ነው የሚሄደው።»

«ተመስገን!» አለች ቬርና፣ በሩን እየተደገፈች። «እኔ እኮ ደንግጬ ነበር።»