በኦርኬስትራ የተቀነባበረ ካርቱን

[ላሊበላ፣ 2002 ዓ.ም.። የአንድ ሆቴል ምግብ አዳራሽ፣ ከምሳ በኋላ። አስተናጋጁ ውዱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የብስኩት፣ የሳሙናና የሶፍት ካርቱን እየዘረገፈ ነው። አስጎብኚው ምስጋኑ በሩ ላይ ደርሶ ይቆማል።]

ምስጋኑ፦ ምን እያደረግህ ነው አንተ?

ውዱ፦ እየፈለግሁ።

ምስጋኑ፦ ምኑን?

ውዱ፦ ሙዚቃውን ነዋ! በስልክ ምን አልከኝ? «እንግዶቹ ሳይደርሱ ለካርቱኑ ሙዚቃ ተዘጋጅ» አላልክም? የሳሙናውን አየሁ፣ የለም። የብስኩቱን አየሁ፣ የለም። የቀረኝ የሶፍቱ ነው።

ምስጋኑ፦ ሙዚቃ ሶፍት ካርቱን ውስጥ ምን ይሠራል?

ውዱ፦ እኔም እሱን ነው ያልኩ። ግን አያ ምስጋኑ የተማረ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ አይናገርም ብዬ ጀመርኩት።

ምስጋኑ፦ ካርቱን ፊልም! የሚንቀሳቀስ ሥዕል! ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት!

ውዱ፦ ታዲያ ሥዕል ብትል ምን ነበረበት? ወገቤን ቆረጥከው እኮ።

ምስጋኑ፦ [ከኪሱ ዲስክ አውጥቶ] ይኸውልህ። ከጃፓን የመጣ። አምና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይዣቸው ከሄድኩት አንዱ ነው የሰጠኝ።

ውዱ፦ ይቺ ናት? ካርቱንም የላት።

ምስጋኑ፦ ስማ ውዱ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። እትዬ ባንችይርጋ ጠዋት ጠርተው ምን እንዳሉኝ ብታውቅ...

ውዱ፦ አውቃለሁ። በሩ ሥር ነበርኩ።

ምስጋኑ፦ ምን ሰማህ?

ውዱ፦ «እነዚህ ጃፓኖች እንደ በፊቶቹ ተቀይመው ከሄዱ፣ የሆቴሌን እንግዶች የሚያስጎበኘው ያ ሌላው አስጎብኚ፣ ዘመን ይሆናል» አሉህ። አንተም «እሺ እትዬ» አልክ። ሁለቴ ነው ያልከው።

ምስጋኑ፦ እሱን እንኳ ባትደግመው።

ውዱ፦ ጠየቅኸኝ እኮ።

ምስጋኑ፦ የበፊቱ የኔ ጥፋት አልነበረም።

ውዱ፦ ለጃፓኖቹ የቻይና ዘፈን ያስከፈትከኝ አንተ ነህ።

ምስጋኑ፦ ፊደሉ ይመሳሰላላ!

ውዱ፦ ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ያን የመሰለ ሾርባ።

ምስጋኑ፦ ይህን ሲሰሙ ግን እናታቸው ቤት የገቡ ነው የሚመስላቸው። ጃፓን ውስጥ ሕፃን የለ ሽማግሌ የለ፣ ይህን የማያውቅ የለም። የካርቱን ፊልም ሙዚቃ፣ ያውም በኦርኬስትራ የተቀነባበረ!

ውዱ፦ [ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ይዘጋል።] ኧረ ቀስ በል!

ምስጋኑ፦ ደግሞ ምን ሆንክ?

ውዱ፦ «የተቀነባበረ» አልክ እኮ። ትናንት የቀበሌ ስብሰባ አልነበርክም? ሊቀመንበሩ «በፀረ ልማት ኃይሎች የተቀነባበረ» ብለው የጀመሩትን እስከ ምሳ አልጨረሱትም። የጃፓኑን ማን ነው ያቀነባበረው?

ምስጋኑ፦ አቀናባሪው ነዋ!

ውዱ፦ ተያዘ?

ምስጋኑ፦ ለምን ይያዛል? ቆመው አጨበጨቡለት እንጂ!

ውዱ፦ ሰው አገር!

ምስጋኑ፦ የሙዚቃ ነው የምልህ። ማቀናበር ማለት... እንዴት ልንገርህ? ዜማው መጀመሪያ ለፊልሙ ሲሠራ ትንሽ ነው። አንድ ሰው በፒያኖ ይጫወተዋል። አቀናባሪው ያን ዜማ ይወስድና ለሰማንያ ሰው ያከፋፍለዋል።

ውዱ፦ አንዱን ዜማ?

ምስጋኑ፦ አንዱን ዜማ።

ውዱ፦ ለሰማንያ ሰው። ምን ሊደርሳቸው? የመሬት ሽግሽጉ እንኳ እንዲህ አላጣበበም።

ምስጋኑ፦ ይደርሳቸዋል። ለቫዮሊኖቹ የራሳቸው አለ፣ ለመለከቶቹ የራሳቸው አለ። አንዱ ደግሞ ሁለት የናስ ሰሃን ይዞ ይቀመጥና፣ ሌላው ሁሉ እየለፋ እሱ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይ አንዴ ጋጭ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ውዱ፦ እንዲህ ያለ ሥራ አለና ነው እኔ እዚህ ሰሃን የምሸከመው?

ምስጋኑ፦ ቀላል እንዳይመስልህ። ፊታቸው ቆሞ የሚመራቸው ሰው አለ። ዓይኑን ካላየህ ታጠፋለህ። በእጁ ዱላ ይዟል።

ውዱ፦ መቋሚያ?

ምስጋኑ፦ ቀጭን ናት። መፋቂያ ታክላለች።

ውዱ፦ ሰማንያ ሰው በመፋቂያ! እሱስ ምን ይጫወታል?

ምስጋኑ፦ ምንም። እጁን ነው የሚያወናጭፈው።

ውዱ፦ አይዘፍንም?

ምስጋኑ፦ አይዘፍንም።

ውዱ፦ ለመሆኑ ፊቱ ወደ ሕዝቡ ነው?

ምስጋኑ፦ ለሕዝቡ ጀርባውን ነው የሚሰጠው።

ውዱ፦ ለተጠራ እንግዳ ጀርባውን! አያ ምስጋኑ፣ ይህ ሰው ላስታ ቢሆን ጠላ የሚቀዳለት አያገኝም።

ምስጋኑ፦ ከአንተ ጋር ማውራት ድንጋይ መጥረብ ነው።

ውዱ፦ እዚህ አገር እሱም ያስከብራል። ይልቅ ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ምስጋኑ፦ አንዲት ልጅ አለች። ተራራ ሥር ነው የምትኖረው። ከአንድ ጉም ጋር ጓደኛ ትሆናለች።

ውዱ፦ ከጉም ጋር።

ምስጋኑ፦ አብረው ያድጋሉ። መጨረሻ ላይ ጉሙ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። አለቀ። ጃፓኖች እዚህ ላይ ሲደርሱ ያለቅሳሉ።

ውዱ፦ ስለ ዘነበ?

ምስጋኑ፦ ስለ ዘነበ።

ውዱ፦ እኛ ስላልዘነበ ነው የምናለቅሰው።

ምስጋኑ፦ በል ዲስኩን እንካ፤ ክተተውና ክፈት፣ እንሞክረው። እኔ መኪናቸውን ልይ። [ወደ መስኮቱ ሄዶ ቁልቁል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ያያል።]

ውዱ፦ [ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ይጫናል፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ይጫናል። ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል።] አያ ምስጋኑ፣ ግን እኮ...

ምስጋኑ፦ [ሳይዞር] «ግን» የለም!

ውዱ፦ ግን እኮ ይኸ...

ምስጋኑ፦ የእትዬ ባንችይርጋ ጫማ ይሰማኛል፣ እየመጡ ነው! ሙዚቃ ይኑር ብያለሁ፣ ሙዚቃ ይኑር!

ውዱ፦ ሙዚቃ ብቻ ይኑር?

ምስጋኑ፦ ሙዚቃ!

ውዱ፦ አብሽር።

[ከባንኮኒው ሥር ያለውን፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ሬዲዮ ይከፍታል። በሁለት ዝግጅቶች መካከል የሚለቀቅ የመሣሪያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ቀስ ያለ ከበሮ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ባንችይርጋ ይገባሉ።]

ባንችይርጋ፦ ይኸ ነው?

ምስጋኑ፦ [ፊቱ ወደ መስኮቱ እንደሆነ እጁን ያነሣል።] ይኸ ነው እትዬ። ያዳምጡልኝ።

ውዱ፦ እትዬ፣ እኔ የከፈትኩት...

ምስጋኑ፦ ዝም በል አንተ፣ ልጅቱ እየገባች ነው!

ባንችይርጋ፦ [በሩን ያያሉ።] የቷ ልጅ?

ምስጋኑ፦ የፊልሟ። ቫዮሊኑ እሷ ናት። ተራራውን እየወጣች ነው። ሰሙ? ወጣች፣ ወጣች... አሁን ደከማት።

ባንችይርጋ፦ [ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።] ምነው በቅሎ የሚያከራያት አጣች?

ውዱ፦ ይኸ ዋሽንት አይደለም እንዴ?

ምስጋኑ፦ የጃፓን ዋሽንት። ከቀርከሃ ነው የሚሠሩት። ጉሙ ማለት እሱ ነው።

ውዱ፦ ጉም ከቀርከሃ ነው የሚሠሩት?

ምስጋኑ፦ ዝም ብለህ ስማ አላልኩህም?

ባንችይርጋ፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ይህን ዜማ አውቀዋለሁ መሰለኝ። የይታገሱ ሠርግ ላይ አልዘፈኑትም?

ምስጋኑ፦ [ፈገግ ብሎ] መጀመሪያ የሰማ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው! ምክንያት አለው እትዬ። የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። የጃፓኖቹም የድሮ ቅኝት አምስት ነው። በድምፅ ዘመዳሞች ነን። ያልሠለጠነ ጆሮ ይሳሳታል።

ባንችይርጋ፦ የኔ ጆሮ?

ምስጋኑ፦ የውዱን ማለቴ ነው።

ውዱ፦ እኔ ሠርግም አላልኩ!

ምስጋኑ፦ ልዩነቱን እዚህ ላይ ይለዩት። የኛ ሙዚቃ ሲያዝን ያዝናል፣ አለቀ። ይኸ ግን ያዘነ መስሎ ይስቃል። ሰሙት? ይኸ ነው ጃፓንነት! የኛ ሰዎች መቶ ዓመት ቢቀመጡ እንዲህ አድርገው አያቀናብሩም።

ባንችይርጋ፦ [ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው] እውነትህን ነው። ሲያስተውሉት የኛ አይመስልም።

ምስጋኑ፦ አላልኩም?

ባንችይርጋ፦ ውዱ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?

ውዱ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ነበር...

ምስጋኑ፦ እንዳትናገር! ሊዘንብ ነው!

ባንችይርጋ፦ ይዝነብበት፣ ቆይተህ ትናገራለህ። በል ምስጋኑ፣ ደኅና ነገር ነው ያመጣኸው። እንዲህ ከሆነ የዘመንን ነገር እተወዋለሁ።

ምስጋኑ፦ ይተዉት እትዬ። ከበሮውን ይስሙ... መጣ... መጣ... ዘነበ! [እጆቹን ዘርግቶ ይቆማል። ሙዚቃው ያበቃል።]

ሬዲዮው፦ ውድ አርሶ አደሮች፣ በዛሬው ዝግጅታችን የስንዴ ዋግን እንዴት መከላከል እንደሚቻል እናወጋችኋለን።

[ባንችይርጋ ጉንጫቸውን ከመዳፋቸው ያነሣሉ።]

ባንችይርጋ፦ ይኸኛውስ ማን ነው?

ምስጋኑ፦ ይኸ... ተራኪው ነው።

ባንችይርጋ፦ በአማርኛ?

ምስጋኑ፦ ተተርጉሞ ይሆናላ።

ሬዲዮው፦ ዋግ የመታው ማሳ ሲያጋጥማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳውቁ።

ባንችይርጋ፦ ልጅቱ ስንዴም አላት?

ምስጋኑ፦ አባቷ ገበሬ ነው። ፊልሙ በጠቅላላው ስለ ተፈጥሮ ነው እትዬ። ጃፓኖች ተፈጥሮ ነፍሳቸው ነው።

ሬዲዮው፦ ከቆቦ አቶ ጋሻዬ የተባሉ አድማጫችን ጥያቄ ልከውልናል።

ባንችይርጋ፦ የቆቦው ጋሻዬ ጃፓን የገባው መቼ ነው?

[ምስጋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። ማጫወቻውን ያያል። ውዱን ያያል።]

ምስጋኑ፦ ውዱ፣ ዲስኩ የት ነው?

ውዱ፦ ማጫወቻው ውስጥ።

ምስጋኑ፦ ታዲያ ይኸ የሚያወራው ምንድን ነው?

ውዱ፦ ሬዲዮ።

ምስጋኑ፦ ዲስኩን ክፈት አላልኩህም?

ውዱ፦ መብራት የለማ! ፈረቃው የኛ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ልነግርህ ስል ልጅቱ ገባች። ልነግርህ ስል ጉም ሆነ። ልነግርህ ስል ዘነበ።

ምስጋኑ፦ እና ያ ሁሉ... ተራራው... ዝናቡ...

ውዱ፦ አርሶ አደር ፕሮግራም እስኪጀምር የሚለቁት ሙዚቃ ነው። ግን እግዜር ይስጥህ አያ ምስጋኑ። በየቀኑ እሰማው ነበር፣ ልጅ እንዳለችበት አላወቅሁም።

[ወይዘሮ ባንችይርጋ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።]

ምስጋኑ፦ እትዬ፣ ይሥቁብኝ፣ ይገባኛል። ለዘመን ግን...

ባንችይርጋ፦ «መቶ ዓመት ቢቀመጡ አያቀናብሩም!» ወይ አንተ!

[ውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።]

ውዱ፦ ደረሱ።

ባንችይርጋ፦ ዘመንን አሁን ከየት አመጣዋለሁ? ነገ አንተው ይዘሃቸው አሸተን ማርያም ትወጣለህ። ውዱም አብሮህ ይወጣል።

ምስጋኑ፦ ውዱ? ምን ሊሠራልኝ?

ባንችይርጋ፦ አንተ ማስረዳት ስትጀምር ከኋላህ ሆኖ «አያ ምስጋኑ፣ ግን እኮ» ይልሃል። ያን ጊዜ ታቆማለህ።

ምስጋኑ፦ በእንግዳ ፊት?

ባንችይርጋ፦ በእንግዳ ፊት። ጃፓኖቹ አማርኛ አይሰሙም፣ አንተ ግን ትሰማለህ።

ውዱ፦ እትዬ፣ ለእንግዶቹ ሬዲዮውን ልዝጋው?

ባንችይርጋ፦ ኧረ እንዳትነካው! የጋሻዬን መልስ ልስማበት፣ የኔም ስንዴ ዋግ መቶታል።

[በማግሥቱ ጃፓኖቹ አሸተን ማርያም ወጥተው ተመለሱ። ምስጋኑ ስም ከመጥራት በቀር መንገዱን በሙሉ አልተናገረም። በዓመቱ ሌላ የጃፓን ቡድን መጣ። የቡድኑ ሽማግሌ መሪ ከአምናዎቹ ሰምተው ኖሮ፣ ገና ሻንጣ ሳይወርድ የጠየቁት «ያ ዝምተኛው አስጎብኚ» የት እንዳለ ነው።]