ጢም ያላበቀለው ሽማግሌ

በር ተዘግቶበት «አመሰግናለሁ» የሚል ፍጡር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ክራባት አስሮ ቤት ለቤት የሚዞር የሞርሞን ሚሲዮናዊ ነው። ሎተሪ አዟሪ በር ሲዘጉበት ይራገማል፣ ቆጣሪ አንባቢ ያኮርፋል፣ ዘመድ ደግሞ ለሌላ ዘመድ ያወራል። ሚሲዮናዊው ግን የተዘጋውን በር እጅ ነስቶ ቀጥሎ ያለውን ያንኳኳል። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ከጎኑ የማይለይ አንድ ጓደኛ።

የኛ ሰፈሩ ክቡር ሚሲዮናዊ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ደረቱ ላይ የለጠፋት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ግን «ሽማግሌ» ትላለች። በቤተ ክርስቲያናቸው ለስብከት የሚላክ ወጣት ሁሉ ማዕረጉ ይኸው ነው። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህም ባልደረባዬ ሽማግሌ ነው» አላት። ከላይ እስከ ታች አየችውና «አይ ልጄ፣ ገና ነህ፤ አይዞህ ትደርሳለህ» ብላ ሸኘችው።

ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ስለተማረ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ያምናል። እኔ ላባርረው አፍሬ «ነገ ና» አልኩት። እኛ «ነገ ና» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ግን በነጋታው መጣ። «ነገ» አልኩት አሁንም፤ አሁንም በነጋታው ከች አለ። የሰፈራችን ፋርማሲስት «እሁድ ብቅ በልና እንጫወታለን» ብትለው ኳስ ይዞ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሱ ቦርሳ ደግሞ ሙሉ ወረቀት ነበር።

ኑሮው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጫማ ጠጋኙ ውሻ ሱሪውን ቀዶበታል። «እመጣለሁ» ያለውን ሰው ሁሉ አምኖ እሁድ ጠዋት ወንበር ይደረድራል፤ ከዚያ እሱና ጓደኛው ለባዶ ወንበር ይዘምራሉ። እናቱን በስልክ የሚያገኛት በሳምንት አንዴ ነው። አንድ ቀን ዝናብ እየወረደ በመስኮት አየሁት። የብስክሌቱ ሰንሰለት ተበጥሷል፣ ጓደኛው ሆዱን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል። ልጁ ክራባቱን ፈታ። እጁ ላይ ጠቅልሎ ቆሞ አየው። በቃ ዛሬስ ወደ አገሩ ሊገባ ነው ስል፣ መልሶ አሰረው። ጥርሱን ነክሶ ጓደኛውን አስነሳ፤ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና የኔን በር አንኳኳ።

«ነገ ብለውኝ ነበር» አለኝ፣ ውሃው ካገጩ እየተንጠባጠበ።

ፎጣ አቀበልኩት፤ ከደፍ ግን አላሳለፍኩትም። ፊቱን ጠርጎ «ጋሼ» አለኝ፤ «እዚህ ሰፈር ማንም ግባ ብሎኝ አያውቅም። ሳልዛወር አንድ ቤት ብቻ ገብቼ ብቀመጥ ይበቃኛል።»

«እንግዲያው እዚያኛውን በር ሞክር» ብዬ ጠቆምኩት።

እዚያኛው በር የታላቅ ወንድሜ ነው። ግድግዳ እንጋራለን እንጂ የእግዜር ሰላምታ አንለዋወጥም። በእህታችን ሠርግ ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ ሲል «ወንበር አምጣልኝ» ብሎ ላከኝ። ወንበር ተሸክሜ ስመለስ ፎቶው ተነስቶ አልቋል። ዛሬም ትልቁ የቤተሰብ ፎቶ ላይ የሙሽራው የአጎት ልጅ ሾፌር ሳይቀር አለ፣ እኔ የለሁም። እሱ «ጠርተነው ቀረ» ይላል፤ እኔ «ሆን ብሎ ነው» እላለሁ። በዚሁ ዓይንህን ላፈር ተባብለን ዓመታት አለፉ። እሱ «ሽማግሌ ይላክ እንጂ እምቢ አልልም» ይላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ከሱ ይምጣ ብዬ እጠብቃለሁ።

የቀረውን የነገረችኝ ዋርሳዬ ናት፣ የወንድሜ ሚስት፤ ያውም ሳቋ እያቋረጣት።

«ሽማግሌዎች ነን» አለ ልጁ በሩ ሲከፈት። «አሁን ከጎረቤትዎ ቤት ነው የመጣነው።»

ወንድሜ የበሩን እጀታ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ክራባት ያሰሩ፣ ሁለት ሆነው የቆሙ፣ ከወንድሙ ቤት የመጡ ሽማግሌዎች! «ግቡ!» አለ። ልጁ ጆሮውን ስላላመነ ዞሮ ጓደኛውን አየው።

ሻይ ቀረበ። ሞርሞኖች ደግሞ ሻይ አይጠጡም። «አመሰግናለሁ፣ አንቀምስም» አለ ልጁ። አስታራቂ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ እንደማይቀምስ ማንም ያውቃል።

«ገባኝ» አለ ወንድሜ። «እሺ ካላልኩ አትቀምሱም። በል ተናገር።»

«ወንድም አለዎት?»

«መኖሩንማ አለኝ።»

«ቤተሰብ በሞት እንኳ አይለያይም። ለዘላለም አብሮ ይኖራል።»

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

ልጁ ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ አነሳ። «አዎ፣ እሱ ነው።»

«ይቅር ብሏል?»

«ሁሉንም።»

«የወንበሩንም?»

የወንበሩ ነገር ለልጁ አልገባውም። ያልገባን ነገር በፈገግታ ማለፍ ግን ከዚህ ሥራ የሚገኝ ሙያ ነው። «የወንበሩንም» አለ።

የኔ በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። ወንድሜ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ቆሟል። ከኋላው ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ የልጁ ፊት እንደ አምፖል በርቶ።

«ሽማግሌ ልከሃል፤ እኔም አክብሬ መጥቻለሁ» አለ ወንድሜ።

ማንንም አልላክሁም ማለት እችል ነበር። ግን አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሲሸብት አላየሁትም፣ ይህም አንጀቴን በላኝ።

«ልኬያለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «ግባ።»

ተቃቀፍን። ባለቤቴ እያለቀሰች ሻይ አፈላች። ልጁ አሁንም «አመሰግናለሁ፣ አንቀምስም» ሲል ወንድሜ ደነገጠ። «ደግሞ ምን ጉዳይ ቀረ?»

ባለቤቴ ውሃ እየቀዳችለት በኛ ዘንድ ሽማግሌ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚላክ አስረዳችው። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ውሸት አይሆንለትም። ስንት ቀን ሲብሰለሰል ሰንብቶ፣ እኔና ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ክራባቱን አጥብቆ መጣ።

«ማንም አልላከኝም» አለው ወንድሜን። «ጋሼ ሌላ በር ሞክር ብለው ነው ያሳዩኝ። የወንበሩንም ነገር አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወንድሜ ግን ሳቀ።

«ልጄ፣ ገና ሻዩ ሳይቀርብ ነው ያወቅሁት። ይሄ ወንድሜ ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ ጢም ያለው ይልክ ነበር። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ካንተ በቀር የመጣ ሽማግሌ አለ?»

ልጁ በኛ ሰፈር አንድም ሰው ሳያጠምቅ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጠላት ቢሆን «ልፋቱ መና ቀረ» ይል ይሆናል። የመጨረሻዋ እሁድ ግን ከደረደራቸው ወንበሮች ሁለቱን ሞላንለት። «ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነው» ብሎ እየጎተተ የወሰደኝ ወንድሜ ነው። መዝሙሩን አላወቅነውም፤ ሆኖም ከፍ አድርገን ዘመርን።

ስንወጣ ልጁ ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ አብረነው እንድንነሳ ለመነን። ወንድሜ ጉልበቱን ስለሚያመው ብዙ መቆም አይችልም። ወንበር ላመጣ ዞር ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ቁም» አለ። «ወንበሩን እኔ አመጣለሁ።»

እያነከሰ ገባ። ከውስጥ «እንዳትነሱ!» ሲል ይሰማል። የልጁ ጓደኛ ስልኩን አንስቶ «ዝግጁ?» አለ። እውነቱን ለመናገር አጋጣሚው አስጎምጅቶኝ ነበር።

«ቆይ» አልኩት። «ወንድሜ ይምጣ።»

ልጁ ፎቶውን ሲልክ ከሥሩ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጻፈ። ምን አልክ ስለው «ሁለት ወንድሞች» ብሎ አነበበልኝ። በነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ወንድም ስለሚባል እናቱን ምንም ላይገርማት ይችላል። እኔ ግን እስቲ እንደገና አንብብልኝ አልኩት።