አየር ላይ ውሃ አይጠጣም

«እጅ ከጉልበት ላይ! አገጭ ወደ ደረት! አሁን አይንቀሳቀሱ» አለ ቢያድግልኝ።

አክስቴ ፈንታዬ አልተንቀሳቀሰችም። ከሞባይል መጠገኛ ሱቁ መሀል የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ከተደረደሩ የቢራ ሳጥኖች ጋር ተጣብቋል። ሳጥኖቹ የፊተኛው መንገደኛ ወንበር ናቸው። በግራዋ አንድ ጆንያ ጤፍ ቆሟል፤ እሱ ደግሞ አጠገቧ የሚቀመጠው መንገደኛ ነው።

«ቢተኛብዎት አይግፉት።»

«ጤፉን?»

«ሰውየውን፣ እትዬ!»

አንድ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ከአብራሪው በላይ ያውቃል፤ ደጋግሞ የተሳፈረ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ አዋቂ የሌለው ከተማ የለም። በመካነ ሰላም ማዕረጉን የያዙት ክቡር ካፒቴን ቢያድግልኝ ናቸው። ካፒቴን ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተማው ተቀበለኝ። ካፒቴኑ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት በእግርና በጀልባ ነው። የተመለሱት በአየር ነው። «በፈቃዴ፣ አገሬ ናፍቆኝ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ፣ በመስኮት በኩል» ይላሉ። በዚያች አንዲት በረራ ስንት ዓመት ኖሩባት። በአንቱታ ከቀጠልኩ ጽሑፉ ይረዝማል፤ ወደ «እሱ» ልመለስ።

እኔ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ በርሬያለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። «ረጅም በረራ ይመቻል?» ሲሉኝ «አይመችም» ብዬ ስለማበቃ ይሆናል። ቢያድግልኝ ግን ሕግ አለው። ጫማ ያለ ክር፣ ሱሪ ያለ ቀበቶ። እጅ ከጉልበት ሳይነሳ ጣትን ማፍታታት። ወደ ጎን አለመተኛት። አስተናጋጅ አለመጥራት። አለመነሳት። ከሁሉም በላይ ውሃ አለመጠጣት። ማሳረጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አየር ላይ ምቾት ማለት ምንም አለመፈለግ ነው፤ ኸላስ!»

ከግብርና ጽሕፈት ቤት ኪዳን ለሥልጠና ሕንድ ሲሄድ ክሩንም ቀበቶውንም ሻንጣው ውስጥ ከትቶ፣ በሰው አገር አየር ማረፊያ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዋለ። ተመልሶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቢያድግልኝ ባይኖር አልቆልኝ ነበር!» የወግዲዋ ፋጢማ ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ ምግብ ቢያቀርቡላት እጇን ከጉልበቷ ሳታነሳ በአገጯ «አልፈልግም» አለች። ስትደርስ ደውላ «ወላሂ ተመችቶኛል» ብላለች። ከዚያ ወዲህ የተመቻት ነገር ስለመኖሩ አልሰማሁም። ደሴ ድረስ በአውቶቡስ የሚሄድ ገበሬ ሳይቀር ምክር ሊቀበል ይመጣል። ቢያድግልኝም ሳያሳፍር ቀበቶውን ያስፈታዋል።

ይህ ሁሉ የአክስቴ ተራ እስኪደርስ አስቂኝ ነበር።

ልጇ እፀገነት ካናዳ ነው የምትኖረው። የመውለጃዋ ወር ደርሷል፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ የሚያርሳት ሰው የላትም። አክስቴ ቪዛ አገኘች። ችግሩ እግሯ ነው። አምና ቀኝ እግሯ ላይ ደም ረግቶ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ አሁን እንድትበር የፈቀደላት በግድ ነው። «ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ እየተነሱ ይራመዱ። አለዚያ የረጋው ደም ሳንባዎ ይገባና ልጅዎ ጋ ሬሳዎ ይደርሳል» አላት። ሐኪም እንዲህ ሲናገር ደስ ይለኛል።

ወቅቱ ግን ዐቢይ ጾም ነው። አክስቴ የቄስ ሚስት ነበረች፤ አሁን የቄስ መበለት ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ሱቁ ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ የየት አገር ዘጠኝ ሰዓት? ኪዳን «በመካነ ሰላም ሰዓት ነው» አለ። ሌላው «ፀሐይ እያዩ ነው እንጂ» አለ። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ፀሐይን ተከትሎ ስለሚበር ዘጠኝ ሰዓት ቶሎ እንደማይመጣ አስረዳሁ።

አክስቴ ፈገግ አለች። «እሰየው፤ እንግዲያው መጾሙ ይበረክትልኛላ!»

የነፍስ አባቷ ጋ ይዣት ሄድኩ። ቄስ መልአኩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቃል አያባክኑም።

«ለታመመና ለመንገደኛ ጾም ይፈታል። አንቺ ሁለቱንም ነሽ። ጠጪ፣ ፈትቼሻለሁ።»

መስቀሉን ተሳለመች። እንደወጣን «አሁንስ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«ምነው ልጄ አለምነው! አባ ስለ ጾሙ ተናገሩ እንጂ አውሮፕላን የት ያውቁና? አውሮፕላን የሚያውቅ ቢያድግልኝ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ አይመችም ብለሃል።»

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ቢያድግልኝ አንድ ስልክ ገልብጦ ብሎን እየፈታ ነበር።

«አክስቴን ጠጪ በላት።»

«አይሆንም። ከጠጣች ሽንት ይመጣል። ሽንት ከመጣ መነሳት አለ።»

«ትነሳለቻ!»

«ለመነሳት ማስፈቀድ አለ።»

«ማንን?»

«ፖሊሱን» አለ።

መፍቻው ቆመ።  ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር እዚህ ላይ መጠየቅን ነው።

«አውሮፕላን ውስጥ የምን ፖሊስ?» አልኩት።

እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አጠጋጋቸው፤ አንጓ ለአንጓ። አስተውሎ ያደረገው አይመስለኝም። «በላስቲክ ነው የሚያስሩህ» አለ። «ጣትህን ካላፍታታህ ይደነዝዛል። ወደ ጎን ከተኛህ ይጠብቃል። ክርና ቀበቶህንማ ገና እስር ቤት ሳለህ ወስደውታል። ውሃ ለምኜ ጠጣሁ፤ ከዚያ ልነሳ ብል ማን ይፈታኛል? እዚያው... ከሰው መሀል...» ስልኩን መገጣጠም ጀመረ። «አብሽር፣ ያልፋል። አልፏል።»

«ስለዚህ ንገራት።»

«ምን ብዬ? ቢያድግልኝ ከዓረብ አገር ተባራሪ ነው ብዬ? ጋዜጠኛ፣ አንተ ወደ አዲስ አበባህ ትመለሳለህ። እኔ እዚህ ነኝ።»

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያው ሞላ። አክስቴን ለመሸኘት ደብሩም ገበያውም ወጥቷል። የጫማዋን ክር ፈትታ በቦርሳዋ ይዛለች። የውሃ ጠርሙስ ብሰጣት ተቀብላ ለአንድ ሕፃን ሰጠችው። ቢያድግልኝ ከሰዉ ኋላ ቆሟል። አየችውና ጠራችው።

«ና እስቲ ካፒቴን! ይኸ አለምነው ጠጪ እያለ ነፍሴን አወጣው። አንተ ምን ትላለህ?»

ሰዉ ዞር አለ። ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይጠጡ፣ እትዬ።»

«አልሰማሁም?»

«ይጠጡ። ይነሱ፣ ይራመዱ። የፈለጉትን ይጠይቁ።»

«ትናንት አይጠጣም አላልክም?»

«ሕጉ ተቀይሯል» አለ።

እንዲህ ያለ ደካማ ውሸት ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴም አልገዛችውም። «በአንድ ሌሊት የተቀየረ እስክደርስ መልሶ ይቀየራል። ሰው መሀል ከማፍር ባልጠጣ ይሻለኛል» ብላ የአውቶቡሱን ደረጃ ያዘች። ረዳቱ «ያላችሁ ግቡ!» እያለ ይጮሃል።

ቢያድግልኝ ሰዉን ገፍቶ ወደ ፊት መጣ።

«እትዬ፣ እኔ ያልጠጣሁት እጄ ታስሮ ነው።»

«ምን?»

«ታስሬ ነው የመጣሁት። በፖሊስ። ያስተማርኩዎት ሁሉ የእስረኛ ነው። እርስዎን ማንም አያስርዎትም፤ ይጠጡ።»

ሻይ ሻጯ ሳቀች። «ተባራሪ ነኝ በላ! ስንት ዘመን ካፒቴን እያልን ሻዩን በነፃ ስንቀዳልህ!» ከኋላ ሌሎችም ሳቁ። ኪዳን አልሳቀም፤ ቀበቶውን እያየ ነበር።

አክስቴ ከደረጃው ወረደች።

«ብርድ ልብሱስ?»

«አልነበረም።»

«መስኮቱስ?»

«መስኮት አጠገብ ፖሊሱ ነው የተቀመጠው።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩ ነበረ፣ እትዬ።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከሕፃኑ ተቀብላ ክዳኑን ፈታች። ጾመኛው ሁሉ እያያት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቆማ ጠጣች። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና «ያኑርህ» ብላው ገባች። አውቶቡሱ ሄደ። ሰዉም እየሳቀ ተበተነ።

እኔ በአደባባይ ያየሁት ድፍረት ብዙ ነው፤ ብዙውም ካሜራ ፊት ነው። እስከዚያ ቀን ቢያድግልኝን ካፒቴን የምለው ለማሾፍ ነበር።

አክስቴ ካናዳ በደህና ገባች። እፀገነት በሳምንቱ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ ወዲህ ከመካነ ሰላም የሚበር ሰው ቢያድግልኝን ምንም አይጠይቅም።