መቶ በመቶ ደህና ያደረ ክፍል

ምርምር የአገር ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ሩቅ ያያል እንጂ አፍንጫው ሥር ያለ እግር ላይ ጊዜውን አያባክንም። ይህንን ታላቅ እውነት ነቀምቴ ውስጥ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ሆስፒታል፣ ዶክተር ነብዩ የሚባሉ ተመራማሪ አስመሰከሩ።

ጥናታቸው «በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ የአደጋ ተጋላጭነት፣ ግምገማና የሕክምና ውጤት» ይባላል። ርዕሱን አንብቦ ለመጨረስ ራሱ ጤና ይጠይቃል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው፦ አዲስ ቅባት ይታደላል፣ በየማለዳው በሽተኛው «እንዴት አደርክ?» ይባላል፣ መልሱ ይመዘገባል። ፋሻ ፈትቶ ማየት በአሠራሩ አልተካተተም። ይሸታላ!

ድርቤ ከሲሬ መጥታ ጥናቱ በሚካሄድበት ክፍል ተኝታለች። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ጠቁሯል፤ ጥቁረቱም ወደ ላይ ለመሄድ መንገድ ጀምሯል። ገበያ ቆማ ሽንኩርት የምትሸጠው በዚያው እግር ነው። እሱ ከሄደ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል።

ዶክተሩ ተለማማጆቻቸውን አስከትለው ገቡና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሏት።

«አከም ቡልተን፣ አዴ ድርቤ?»

«ነጋዳ፣ ፈያዳ! ሰላም ነኝ፣ ጤና ነኝ፣ ዋቃ ይመስገን! እርስዎስ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ?»

ዶክተሩ ከብት የላቸውም፤ ሰላምታ ግን አይጎድልም። ምን ትበል ታዲያ? ገና በሰላምታ «እግሬ ሸተተ» የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። መጀመሪያ ሰላም፣ ቀጥሎ ሰላም፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ተብሎ ነው ሕመም የሚነሳው። ዶክተሩ ያቺን ትንሽ ዝምታ መጠበቅ አልቻሉም፤ ምርምር ይቸኩላል።

«ደህና!» አሉና ወደ ቀጣዩ አልጋ፣ ከጊዳ አያና ወደ መጣችው ዚነት አለፉ።

«ዚነት፣ እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ደህና!»

እንዲህ እንዲህ እየተባለ፣ መላው ክፍል መቶ በመቶ መዳኑ ተበሰረ። የዳነ ደግሞ አልጋ አይይዝም፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይሸኛል።

«ኧረ ድርቤ፣ በዚህ እግር ሲሬ ልትደርሺ?» አለች ዚነት።

«ምን ላርግ? ዶክተሩ ድነሻል ብለዋል። ለእግሬ ማን ይንገረው?»

«አንቺው ነሻ ፈያዳ የምትይው!»

«አንቺስ አልሐምዱሊላህ ስትይ?»

«እኔማ ለአላህ ነው ያልኩት! ለዶክተሩ መሰለሽ?»

በማግስቱ «አከም ቡልተን፣ አዴ ድርቤ?» ሲባል፣ ድርቤ በሀፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ደህና አይደለሁም! እግሬ በስብሷል። ፍቱትና እዩት!»

አንዱ ተለማማጅ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀበት። ዶክተሩ ክፉኛ አዘኑ።

«ሰላም እኮ ነው ያልኩዎት፣ እማማ!»

ወዲያው ምክክር ተደረገ። በጣት የመጣ ሳይሆን በጠባይ የመጣ ችግር መሆኑ ታመነበት፤ የጥናቱን ጥራት እንዳታጎድፍ ድርቤ ከተጠኚነት ተሰረዘች። ጥናት የሚባል ዕድል ወዳልደረሰው ጎረቤት ክፍልም ተዛወረች። እዚያ የሚጻፍ ነገር ያጣችው ነርስ ፋሻውን ፈታችውና «ዋቃ ኮ!» ብላ ጮኸች። ያን ቀን ጣቷ ተቆረጠ፤ እግሯ ተረፈ።

«ዚነት!» አለች ድርቤ ሲሻላት፣ በመስኮት። «ጣቴን ብቻ ነው የወሰዱት! ደህና ነኝ እንዳትዪ፣ እናትሽ ትሙት!»

ሥነ ምግባር በአንድ ሌሊት ከክፍሉ ጠፋ።

«ዚነት፣ እንዴት አደርሽ?»

«ምን ማደር አለ!»

«ባይሳስ?» አሉ ዶክተሩ በመጋረጃው ማዶ ወደ ወንዶቹ ዞረው።

«እኔማ ሞቻለሁ፤ ቀባሪ አምጡ!»

ሁሉም በየተራ ተሰረዙ፤ ሁሉም በየተራ ፋሻቸው ተፈታ። በጥናቱ የጸና አንድ ሞረዳ ብቻ ቀረ። ሞረዳ ወንድሙን ባይሳን ሊጠይቅ መጥቶ፣ መኪና ስላመለጠው ባዶ አልጋ ላይ ጋደም ያለ ጎረምሳ ነው። ሰላም ሲሉት ሰላም አለ፤ ቅባቱንም ሲሰጡት ጫማውን ወለወለበት።

ውጤቱ በትልቅ አዳራሽ፣ አበባ በተደረደረበት መድረክ ቀረበ። መቶ በመቶ! ዶክተር ነብዩ ሞረዳን ጫማውን አስወልቀው እግሩን ለጉባኤው አሳዩ።

«ልብ በሉ! ጠባሳ እንኳ አልተወም!»

ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ። ለሞረዳም ማይክ ተሰጠውና ስለ ሕክምናው አስተያየት ተጠየቀ።

«አልጋው ይመቻል» አለ።