ለረዥሙ የዓሣ ጥብስ ዘመድ ያልሆነ ምስክር ስለመፈለግ

ኧረ የተኛ ሰውም ይቆጠራል! ማንግ ቴቤንግ ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ወንበሩ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ተገኝተዋል። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። አልሞላም የሚል ካለ መጥቶ ራሱ ይጻፈው።

ቀን፦ ረቡዕ፣ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ዋዜማ።
ቦታ፦ የታንጊላን ቀበሌ አዳራሽ፣ ማለትም ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ።
የተገኙ፦ ካፒታን ኡፍሮኒዮ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር። አሊንግ ሴፌሪና፣ የምግብ ኃላፊዋ። ማንግ ቴቤንግ፣ የዓሣ አጥማጆች ተወካይ (ከላይ እንደተባለው)። ኢንጂነር ሳቱር፣ መንገድ ሊለካ ከሌላ ደሴት የመጣ፣ የዛሬው ስብሰባ ምክንያት። ጸሐፊ እኔ ጁቬሊን፣ ማንም አልጽፍም ስላለ የተመረጥኩ።

አጀንዳ አንድ፦ ጉዱ እንዴት እንደመጣ

ካፒታን ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ጀልባ ማቆሚያው በሚደርስ አንድ የቀርከሃ መጥበሻ ላይ የዓለምን ረዥም የዓሣ ጥብስ እንደምናሰልፍ አስታወሱ። ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ቢሮ ግን በደብዳቤው፣ የሚለካው ምስክር ከአዘጋጆቹ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና የሌለው ይሁን ብሏል። ታንጊላን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ስለዚህ ኢንጂነር ሳቱርን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀን ይዘነው ነበር። እሑድ ዕለት ግን ካፒታን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ የክርስትና አባት አደረጉት።

ለምን ተብለው ሲጠየቁ ካፒታን፦ «እንግዳ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እያየኝ ዝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?» ሲሉ መለሱ።

አሊንግ ሴፌሪና፦ «ልጁ አሥራ ስምንት የክርስትና አባት ነበረው እኮ!» ሲሉ አስታወሱ።

ካፒታን፦ «አንድ ቢጨመር አይጎዳውም ብዬ ነው» ሲሉ አስረዱ።

በዚህ ጊዜ ማንግ ቴቤንግ ነቁ። ዓሣውን ለነጋዴው ጀልባ እንዳይሸጡ አጥማጆቹን ቤት ለቤት እየዞሩ የለመኑት እሳቸው መሆናቸውንና አዳራሹ ጥግ ዓሣው የተቀመጠበት ሳጥን በረዶ ከነገ ጠዋት እንደማያልፍ ገለጹ። «ከገማ የገዛ ወንድሜ ጀልባው ላይ አያወጣኝም» አሉ። የበረዶው ውሃ ነጠላ ጫማዋ ሥር መድረሱን ጸሐፊዋ ለጉባኤው አሳወቀች።

አጀንዳ ሁለት፦ ክርስትናውን ስለመመለስ

አሊንግ ሴፌሪና ልጁ ክርስቲያን ሆኖ ይቅር፣ የመጨረሻው የክርስትና አባት ብቻ ይሰረዝ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ ክርስትና ያነሱት የቤተ ክርስቲያኑ አባ ይጠየቁ ተባለ። ጸሐፊዋ ሄዳ ጠየቀች። አባ በመስኮት በኩል የሰጡት መልስ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለመጣላት

ካፒታንና ኢንጂነሩ ዝምድናው እስኪበጠስ ድረስ በይፋ ይጣሉ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ካፒታን ተነስተው፦ «አንተ… አንተ ሜትር ተሸካሚ!» አሉ።

ኢንጂነሩ «እሺ» አለ።

ጸሐፊዋ ይሄ ስድብ እንዳልሆነ ገልጻ እንዴት እንደሚሰደብ በምሳሌ አሳየች። ካፒታን፦ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ብለው ምሳሌው እንዳይመዘገብ አዘዙ። በኔ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚያምርባቸው!

ኢንጂነሩ ተራው ሲደርስ፦ «ካፒታን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳዎ ጠማማ ነው» አለ። የካፒታን ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሜዳውን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጉባኤው ተስፋ አደረገ። ነገር ግን አሊንግ ሴፌሪና፦ «በባዶ ሆድ ሰው ይጣላል እንዴ? መጀመሪያ ብሉ!» ብለው ሩዝና የደረቀ ዓሣ አቀረቡ። ሁለቱ ከአንድ ሳህን በሉ። ካፒታን «አበልጄ፣ ይቺን ጉረስልኝ» ሲሉ ተሰሙ። ማንግ ቴቤንግ በፍቅራቸው ልባቸው ተነክቶ፣ የፊታችን ወር ለሚድሩት ልጃቸው ኢንጂነሩ የጋብቻ አባት፣ ማለትም የሠርግ አበልጅ፣ እንዲሆን ለመኑት። እሱም እሺ አለ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ወረወረች። ስብሰባው እስክሪብቶው እስኪገኝ ተቋረጠ። በአንድ ዝምድና የገባው ሰውዬ በሁለት ሊወጣ ነው።

አጀንዳ አራት፦ ከጎረቤት ደሴት ስለመዋስ

አሊንግ ሴፌሪና፦ «የማዶዎቹ ይጠሉን የለ? ከእነሱ አንዱ ይለካልን» አሉ። ካፒታን የማዶው ካፒታን የክርስትና ልጃቸው መሆኑን፣ የሚጠላቸውም በልጅነቱ የገና ስጦታውን ሊቀበል ሲመጣ ስለተደበቁበት እንደሆነ ገለጹ። «እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል እኮ» አሉ። ሐሳቡ ወደቀ።

ውሳኔ

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ አባ እንዲጠየቁ የተወሰነው፣ እንዲጣሉ የተወሰነው፣ ኢንጂነር ሳቱር ምስክር እንዲሆን ባለፈው ወር የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። እኔን ጸሐፊ ያደረገው ውሳኔም ስሜታዊ ነሽ ተብሎ አብሮ ተሽሯል፤ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ማንም ሳልሆን ነው። ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ውሃው ወንበሮቹ ሥር ሲደርስ ተበተነ።

እንግዲህ ስማኝ፣ አንተ የምታነበው። ይሄን ወረቀት ሳቱር ወስዶ ከተማው ወደብ ላይ ይለጥፈዋል፣ ቢያንስ ለዚያ ይሁነን። እዚህ አጎት ከሌለህ፣ አክስት ከሌለህ፣ የማንንም ልጅ ክርስትና ካላነሳህ፣ የምንፈልገው አንተን ነው። የመጨረሻዋ ጀልባ ከዚያ የምትነሳው ሲመሽ ነው። ተሳፈር። መንገድ ላይ ማንም ብላ ቢልህ አትብላ። ሕፃን ቢያቀብሉህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ለክተህ ከጨረስክ በኋላ የፈለግኸውን ሁን፣ ከፈለግህ የኔም ወንድም ሁን።

ማንግ ቴቤንግ የበረዶው ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስልኬን እያዩ ነው። ከዚያች ስልክ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቁጥሩ ከታች በቀይ ተጽፏል። ካፒታን ካነሱት ግን ምንም ሳትል ዝጋው፣ አበልጄ ሊሉህ ነው፤ ከዚያ እንደገና ደውል፣ እኔ እስካነሳው ድረስ ደውል፣ ብቻ ሳይመሽ!