የማሞቂያው ቃለ ጉባኤ

ታላላቅ ውሳኔዎች የሚወሰኑት በታላላቅ አዳራሾች ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ደብረ ታቦር ላይ የአማቴን የጋሽ ይርዳውን ሳሎን አላየም ማለት ነው። ጋሽ ይርዳው በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አሠራሩን ይዘውት ወደ ቤት መጥተዋል። ዛሬ በዚህ ቤት ድንች እንኳ የሚገዛው በሦስት ፕሮፎርማ ነው። አምና ለፋሲካ የታሰበው በግ ጨረታው አልጠናቀቅ ብሎ ለዳግማይ ትንሣኤ ታርዷል፤ ሥርዓት ግን አልተጓደለም።

እኔ ደሳለኝ እባላለሁ። የትልቋ ልጃቸው የፈንታነሽ ባል ነኝ። በትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር፣ በዚህ ቤት ደግሞ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ የኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የምተርከው ሁሉ በቃለ ጉባኤ የተደገፈ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ያልተደገፈውንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ጉዳዩ የተነሣው በትንሿ ልጃቸው በውቢት ነው። ውቢት ዐረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የአሠሪዋ ሦስት ወንዶች ልጆች በኮምፒውተር ጨዋታ አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ጠርተው ያስቀምጧት ነበር። ከዓመት በኋላ ሦስቱንም ታስለቅሳቸው ጀመር። ስትመለስ ለቤቱ አዲስ ቆርቆሮ አለበሰች፣ ለእናቷ የወርቅ ጉትቻ አመጣች፣ ለራሷ ደግሞ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ገዛች። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ትጫወታለች። አባቷ ይህንን «የሥራ ፈት ሥራ» ይሉታል።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ውቢት ወሬ ይዛ መጣች። የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ውድድር ሊካሄድ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሁሉም ከየቤቱ በኢንተርኔት የሚጫወተው ሲሆን የመጨረሻው ባሕር ዳር ነው። እዚያ አዲስ የሚከፈት የጌም ማዕከል ከአሸናፊዎቹ አንዱን አሠልጣኝ አድርጎ በደመወዝ ይቀጥራል።

«ይህ ካልሆነልኝ ደላላው ደውሏል፤ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ የጎረሰ ሰው የለም። እናቷ እማማ የሺሃረግ እነዚያን አራት ዓመታት ያሳለፉት ስልክ አጠገብ ነው። ጋሽ ይርዳውም መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ ልጁን የሚወድ አባት በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያደርገውን አደረጉ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ሰብሳቢው እሳቸው፣ አባላቱ እማማ የሺሃረግና አያ ሙላቴ፣ ጸሐፊው እኔ። አያ ሙላቴ የጋሽ ይርዳው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዐይናቸውን ሊታከሙ ከጉና ወርደው እኛ ጋ ተቀምጠዋል። ከጉና የመጣ ሰው ደብረ ታቦር ይሞቀዋል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። «እኛ ዘንድ ብርዱ ውጭ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እሳት አለ፣ ከብት አለ። ይሄ ሲሚንቶ ግን ብርዱን ቤት ድረስ አስገብቶ ያሳድራል» ይላሉ። ውቢት በበኩሏ የኮምፒውተሩ ባለቤት፣ የገንዘቡ ባለቤት፣ ስለ ጉዳዩም የምታውቅ ብቸኛዋ ሰው በመሆኗ፣ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ያለ ድምፅ ተሳታፊ ሆነች።

ያረጀው ኮምፒውተሯ ለውድድሩ እንዲበቃ ለማሻሻያ ያቀረበችው በጀት ዘጠኝ ሺህ ብር ነበር።

«ዋናው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው» ብላ ጀመረች። «ሥዕሉን የሚያሯሩጠው እሱ ነው። ያለ እሱ መኪናዋ እየቆመች ነው የምትሄደው።»

«ኮምፒውተሩ ስንት ክፍል አለው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዋና ዋናው ስድስት።»

«ታዲያ አንዱ ዘጠኝ ሺህ ብር በልቶ አምስቱ ጦማቸውን ይደሩ?»

«አባባ፣ አይራቡም እኮ።»

«ዛሬ አይራቡም። ነገ ቅሬታ ሲነሣስ?»

ስለዚህ ለስድስቱም ክፍሎች አንድ ሺህ አምስት መቶ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር በፍትሐዊነት ተደለደለ። ማውሱም ማዘርቦርዱም እኩል ዜጋ ሆኑ። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ስብሰባ እማማ የሺሃረግ የድልድሉን ክፍተት አዩ።

«አንቱ ሰውዬ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታየው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሣጥኑ ነዋ፣ ኬዙ» አለች ውቢት ፈጠን ብላ። «ጎኑ መስታወት የሆነ፣ መብራት የሚያበራ ሰፊ ኬዝ አለ፤ ኤሌክትሪኩን የሚመግበው ጠንካራ ፓወር ሰፕላይም አብሮት ይመጣል።»

«በቃ እሱ ይገዛ። የማይታየውን ለማን ብለን ነው?»

ክርክሩ አጭር ነበር። የእኩልነት መርሕ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ለኬዙ ስምንት ሺህ፣ ለቀሩት አምስቱ በጋራ አንድ ሺህ ብር እንዲሆን ተወሰነ። ውቢት ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። የተሸነፈ ሰው ፈገግታ ስላልመሰለኝ ስብሰባው እንዳበቃ ጓሮ ድረስ ተከተልኋት።

«ጋሼ፣ እንዳይጽፉት» አለችኝ። «ያለኝ ሠላሳ ሦስት ሺህ ነበር። ሃያ አራቱን ባሕር ዳር ላለችው ጓደኛዬ ለዙለይካ ልኬ ያገለገለ ካርድ ገዝታልኛለች። አልጋዬ ሥር ነው። ግን አሮጌው ሣጥን አይበቃውም፣ ኃይሉም አይችለውም። በስብሰባው ካርድ ያልሁትም ኮሚቴ የተጠየቀውን ትቶ ሌላውን እንደሚያጸድቅ ስለማውቅ ነው።»

«ታዲያ ሣጥኑንም ራስሽ አትገዢም ነበር?»

«ካርዱ በቦርሳ ገባ። ያን የሚያህል ሣጥን ግን ያለ ርክክብ በአባባ በር ያልፋል?»

«ስለ ካርዱስ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ሦስት ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ ውድድሩ ያልፋላ!»

ይህ የዕለቱ አጀንዳ ስላልነበረ አልመዘገብሁትም። ጥሩ ጸሐፊ ማለት የማይጽፈውን የሚያውቅ ነው።

ከዚያ የግዥው ሂደት ቀጠለ። እንዲህ ያለውን ኬዝ በከተማው የሚሸጠው ደምመላሽ ብቻ ነው፤ ደንቡ ግን ሦስት ፕሮፎርማ ይላል። ደምመላሽ ደንብ አክባሪ ነጋዴ ስለሆነ ሦስቱንም ራሱ ጻፋቸው፤ አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር፣ አንዱን በአረንጓዴ እስክሪብቶ። ብርቱ ፉክክር ተደርጎ ሰማያዊው አሸነፈ። ደምመላሽም ለሁለቱ ተሸናፊዎች ማዘኑን ገልጾ ኬዙን ተሸክሞ መጣ።

«ጋሽ ይርዳው» አለ አስቀምጦት ሲያበቃ፣ «ይህ ነገር ሲሠራ ይግላል። የአንድ ሺህ ብር ማራገቢያ ቢጨመርለት።»

ጋሽ ይርዳው ተነሥተው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከጉና የሚመጣው ነፋስ ገብቶ መጋረጃውን አነሣው፤ አያ ሙላቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«እንግዲህ ደብረ ታቦር ላይ፣ በኅዳር ውርጭ፣ በገንዘባችን ብርድ እንግዛ?»

ደምመላሽ አስነጠሰ፤ ማስነጠሱም እንደ ስምምነት ተያዘ። በቃለ ጉባኤ ቁጥር ሦስት፣ በማናቸውም ጊዜና በማናቸውም ሁኔታ ማራገቢያ ወደዚህ ቤት እንዳይገባ ለዘለዓለም ተከለከለ።

የርክክቡ ቀን ሐሙስ ነበር፤ የመጀመሪያው ዙር ቅዳሜ ነው። ውቢት ሁሉንም ገጣጥማ ጨርሳለች፤ እማማ የሺሃረግም በኬዙ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውታል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መብራት ተንቦገቦገ።

«እሰይ! ዕቃ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ እማማ።

ውቢት ጨዋታውን ከፈተችው። መኪናዋ ስትበር ዐይኔ መከተል አቃተው። ጋሽ ይርዳው ግን መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉና እንደዚያው ደርቀው ቀሩ።

«ይህ የሚሽከረከረው ምንድን ነው?»

«ካርድ ነው፣ አባባ።»

«ካርድ ክንፍ አለው? አንድ... ሁለት... ሦስት! አንድ ማራገቢያ ከለከልን፣ ሦስት ገባ! ደሳለኝ፣ ቁጥር ሦስትን አንብብ!»

አነበብሁ። ሲነበብ ከተጻፈበት ቀን የበለጠ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት።

«ይውጣ» አሉ።

የውቢት እጅ ከማውሱ ላይ ተነሣ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባባ፣ ይህ ከወጣ ቅዳሜ አልጫወትም። ሰኞ ለደላላው እደውልለታለሁ።»

እማማ የሺሃረግ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ይርዳው ልጃቸውን አዩ፣ ቃለ ጉባኤውን አዩ፣ ደግሞ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ሲጨነቅ አየሁና አሳዘኑኝ። ልጃቸው እንዳትሄድባቸው ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው ውሳኔ አጥፈው አያውቁም።

በዚህ መሃል ከኬዙ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ይሄን እሳት ማነው ያነደደው? እጁ ይባረክ!»

አያ ሙላቴ ናቸው። ማንም ሳያያቸው በርጩማቸውን ይዘው ዞረው፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ በሚወጣው ትኩስ አየር ላይ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተዋል። እንደዚያ ፈገግ ብለው ያየኋቸው ከጉና ከወረዱ ጀምሮ ያን ዕለት ነው።

ጋሽ ይርዳውም ዞረው እጃቸውን ሰደድ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ አንድ ሰብሳቢ ከጸሐፊው ምን እንደሚፈልግ ገባኝ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አልሁ፣ «ቁጥር ሦስት የሚከለክለው ማራገቢያ ነው። ማራገቢያ ማለት የሚያቀዘቅዝ ነው። ይህ የሚያሞቅ ስለሆነ ማሞቂያ ነው። ማሞቂያን የሚከለክል ውሳኔ የለንም።»

«እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው። «እጅ ይቆጠር!»

አያ ሙላቴ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው ስለነበር ድጋፋቸው እጥፍ ሆኖ ተመዘገበ።

ከዚያች ዕለት በኋላ የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። ውቢት ዕቃ ልታጥብ ስትነሣ አባቷ «ወዴት ነው? ሥራሽ ላይ ተቀመጪ እንጂ፣ በረደን!» ይሏታል። ሥራ ፈትነት በሁለት ቀን ውስጥ የሥራ ትጋት ሆነ። አያ ሙላቴማ ባለሙያ ወጣቸው። ውቢት ትንሽ ልረፍ ብላ የካርታ ጨዋታ ስትከፍት ወዲያው ይነቁባታል፤ «ይሄኛው አመድ ነው። ያን መኪናውን አምጪው፤ እሱ ነው የሚነድ» ይላሉ። የደከማት እንደሆነ እናቷ ሞቅ ያለ ወተት ያቀርቡላታል። እንዲህ ያለ ልምምድ ያገኘ ሌላ ተወዳዳሪ በአገሩ የነበረ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ውድድሩ ሲካሄድ ኮሚቴው በሙሉ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ሁሉም ከኬዙ ኋላ ስለተቀመጠ ስክሪኑን ያየ ሰው አልነበረም። ውቢት «አለፍሁ! ባሕር ዳር ልሄድ ነው!» ብላ ስትጮህ አያ ሙላቴ «ጎሽ ልጄ፤ አታቋርጪው» አሏት።

ለመጨረሻው ዙር ተወዳዳሪ ሁሉ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ መቅረብ አለበት። ይህን ስትነግራቸው ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ።

«ባሕር ዳር ሰው በር ከፍቶ ነው የሚተኛው» አሉ ጋሽ ይርዳው። «እዚያ ማሞቂያ ተሸክሞ መሄድ የሀብት ብክነት ነው። ልጅቷ ትሂድ፣ ማሞቂያው ይቅር።»

«ውሳኔውን አከብራለሁ» አለች ውቢት። ቶሎ ማክበሯ ማንንም አላስገረመም። ዙለይካ ሰፊ ኬዝ ያለው ኮምፒውተር ቤቷ እንዳላት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። በማግሥቱ ካርዱ ከኬዙ ወጥቶ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ሲሳፈር ካቻቢቴውን የያዝሁትም እኔ ነኝ። አጀንዳ አልነበረም።

የመጨረሻው ውድድር ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው እንደ ልማዱ ከኬዙ ኋላ ተሰየመ። መብራቱ ይንቦገቦጋል፤ ዳንቴሉ በቦታው ነው። ሦስቱ ክንፎች የነበሩበት ስፍራ በመስታወቱ ባዶውን ይታያል፤ የሚያየው ግን የለም፤ ሁሉም እጁን ዘርግቷል።

«እንዲያውም ልጅቷ ካልነካካችው የበለጠ ይሞቃል» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«እኔም ታዝቤያለሁ» አሉ እማማ፣ በነጠላቸው ላይ ጋቢ እየደረቡ።

የተዘረጉትን እጆች ቆጠርሁ። «ሙቀቱ ካለፈው የተሻለ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ጽሑፌ እንደ ወትሮው አላማረም።

ስልኩ ጮኸ። «አባባ! ሁለተኛ ወጣሁ! ሥራውን ሰጡኝ! ለደላላውም አልሄድም ብዬዋለሁ!»

እማማ የሺሃረግ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ይርዳው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጻፍ፣ ደሳለኝ። ተወዳዳሪዋ ያለ ምንም መሣሪያ ሄዳ ማሸነፏ፣ መሣሪያው እዚህ እንዲቀር የተላለፈው ውሳኔ ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል።»

ጻፍሁ።

አያ ሙላቴ ብቻ እጃቸውን ወደ ኬዙ አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። «ይርዳው፣ ይሄ እሳት የጠፋ ይመስለኛል። በረደኝ።»

«አይ አያ፣ ሞቋል ተብሎ ተወስኗል እኮ።»

«ማን ወሰነው?»

«አንቱም እጅዎን አውጥተዋል።»

አያ ሙላቴ ገና የተዘረጉትን ሁለት እጆቻቸውን አገላብጠው አዩዋቸው።

«እውነትም አውጥቻለሁ። እንግዲያውስ ሞቆኛል» አሉ። «በሉ ያን ጋቢ አቀብሉኝ።»