ለናኦር የሚሆን ሄሊኮፕተር

ዋሴ፦ ጅራቱ ነው የሚታየው አልኩህ! በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን ታያለህ፤ ሄሊኮፕተር ስትገዛ ጅራቱን።

አምባቸው፦ በሩስ? ይሄ ፎቶው ላይ ያለው በር የለውም እኮ።

ዋሴ፦ ለዚህ አይደል እንዴ የረከሰው! በር ከሌለው ነፋስ ይገባል፣ ነፋስ ከገባ ማዝጋን፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ቁጠባ አታውቅም?

አምባቸው፦ ሰውየውስ ቢወድቅ?

ዋሴ፦ ይታሰራላ! በቅሎ በር አላት? ከበቅሎ የወደቀ የለም?

አምባቸው፦ አለ እንጂ። አንተው ሁለቴ ወድቀሃል።

[እስራኤል፣ ኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሁለቱ ጡረተኞች ወደ ቃዲማ ዞራን ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ከሚቆምበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በዋሴ ስልክ ያገለገለ ሄሊኮፕተር ይመርጣሉ። ዋሴ የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እሱ አልሰማም። አምባቸው ደግሞ አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ ሻይ የሚቀዘቅዝበት ሰው ነው። ዛሬ ግን ከባድ መልእክት ይዟል። የዋሴ ልጅ ናኦር፣ ሊሂ የምትባል ልጅ ወዶ ሊያገባት ፈልጓል፤ አባቱን መንገር ስለፈራ አምባቸውን ሽማግሌ አድርጎ ልኮታል። የልጅቱ ወላጆች ቃዲማ ላይ ቁጭ ብለው የዋሴን እሺታ ይጠብቃሉ። አምባቸው መልሱን ይዞ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።]

አምባቸው፦ ዋሴ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ስለ ናኦር...

ዋሴ፦ እኔስ ስለ ማን ነው የማወራው? ልጄ ፓይለት ሊሆን ነው!

አምባቸው፦ ማን ነገረህ?

ዋሴ፦ አባት ይነገረዋል እንዴ? ሱሪውን ማሽን ውስጥ ልከት ስል ኪሱ ውስጥ ይቺን ወረቀት አገኘሁ። የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት ናት። ስልክ ቁጥሩን እየው፣ ዙሪያውን ልብ ሥሎበታል። በረራ እንዲህ ነው የሚወደው!

[አምባቸው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ሊሂ የምትሠራው እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ያንን ስልክ የምታነሳውም እሷው ናት።]

አምባቸው፦ ይሄ ልብ... ለሄሊኮፕተር አልመሰለኝም።

ዋሴ፦ አንተ ስለ በረራ ምን ታውቃለህ?

አምባቸው፦ ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን አይደል እንዴ የመጣነው?

ዋሴ፦ እኔ ከፓይለቱ ጀርባ ነበርኩ። ሁሉንም አይቼ፣ ተምሬ ነው የወረድኩት።

አምባቸው፦ ጋቢህን ተከናንበህ "ደረስን ወይ? ደረስን ወይ?" ስትለኝ ነበር እንጂ።

ዋሴ፦ በጆሮዬ እያጠናሁ ነበር!

[አምባቸው ሰዓቱን አየ። አሥራ አምስት ደቂቃ።]

አምባቸው፦ ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ስማኝ። ናኦር...

ዋሴ፦ ናኦር ውትድርናውን ከጨረሰ ወዲህ "ሻሎም አባ" ይለኛል፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። በቃ። ከሻሎም ሌላ ቃል የለንም። አሁን ግን የሚወደውን አገኘሁለት። ቁልፉን እጁ ላይ ሳስቀምጥለት በሩን ይዘጋብኛል? እስቲ ንገረኝ፣ ይዘጋብኛል?

አምባቸው፦ [ልቡ ራርቶ] ኧረ አይዘጋብህም... የት ልታቆመው ነው ግን?

ዋሴ፦ ጣራችን ላይ ነዋ!

አምባቸው፦ የነዋሪዎች ኮሚቴዋ፣ የቫአድ ባይቷ ዲክላስ? ደረጃ ሥር ብስክሌት ብታቆም ሕንፃውን በጩኸት ያፈረሰችው?

ዋሴ፦ የጮኸችው መንገድ ተዘጋ ብላ ነው። በሰማይ ላይ ምን መንገድ አላት? ይልቅ ያሳሰበኝ ትምህርቱ ነው። አንዱ ሰዓት ሁለት ሺህ ሸቀል! እኔ ግን ዘዴ አለኝ፤ መውጣቱን ብቻ ይማር።

አምባቸው፦ መውረዱንስ?

ዋሴ፦ ለመውረድ ደግሞ አስተማሪ ይከፈላል? የወጣ ሁሉ ወራጅ ነው!

አምባቸው፦ ኧረ ልጁን እንዳትፈጀው!

ዋሴ፦ ቆይ፣ ቆይ! እዚህ ታች የተጻፈውን አየኸው? "ለሠራተኞቻችን ቤተሰብ ሃያ በመቶ ሃናኻ።" ቅናሽ አለ! እዚያ ቤት አንድ ዘመድ አይጠፋኝም። ልደውል።

አምባቸው፦ አትደውል! ዋሴ፣ በሕግ አምላክ!

[ዋሴ ደወለ። አምባቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጠ።]

ዋሴ፦ [በስልክ] ሃሎ፣ ሻሎም! ... እንዴት አወቅሽ? [ስልኩን ሸፍኖ] የኛ ልጅ ናት! በዕብራይስጤ አወቀችኝ! [በስልክ] ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? ... ሊሂ፣ የፈንታነሽ ልጅ። አያትሽስ? ... ጀንበሬ! ያ ረጅሙ ጀንበሬ? ... አጭር ነው? እሱማ ሲያረጅ ነው ያጠረው!

አምባቸው፦ [ክንዱን ይዞ] ዋሴ፣ ከዚች ልጅ አትዛመድ! እለምንሃለሁ!

ዋሴ፦ [ስልኩን ሸፍኖ] አንተ ቅናትህ አይጣል ነው። ሃያ በመቶ እኮ ነው! [በስልክ] ስሚ ልጄ፣ የአያትሽ የጀንበሬ አባትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው! ... እርግጠኛ ነኝ ወይ? ዘር ከእኔ በላይ ማን ይቆጥራል! ደም ነን፣ ሥጋ ነን!

አምባቸው፦ ቢያንስ ስምንተኛ ቤት አድርገው! ስምንተኛ!

ዋሴ፦ [ስልኩን ሸፍኖ] ለስምንተኛ ቤት ማን ሃናኻ ይሰጣል? [በስልክ] እና ልጄን ልመዘግበው ነው። ስሙ ናኦር፤ ናኦር ዋሴ። ... ሃሎ? ሃሎ? [ለአምባቸው] አለቀሰች።

አምባቸው፦ ወየው!

ዋሴ፦ ደስ ብሏት ነው፤ ዘመድ ሲገኝ እንዲያ ነው... ዘጋችው።

[አምባቸው ተነሣ። በአርባ ዓመት ወዳጅነታቸው ሲቆጣ ታይቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ጣቱ ዋሴ አፍንጫ ሥር ደረሰ።]

አምባቸው፦ አሁን አፍህን ዝጋ! ልቡ የተሣለው ለሄሊኮፕተር አይደለም፣ ስልኩን ለምታነሳው ልጅ ነው። ናኦር ሊያገባት ነው። ወላጆቿ እሺ እስክትል ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንተ ደግሞ ለሃያ በመቶ ብለህ የሥጋ ዘመድህ አደረግሃት!

ዋሴ፦ ሊያገባ? ለእኔ ሳይነግረኝ?

አምባቸው፦ በየት በኩል ይንገርህ? እኔ ራሴ ከጠዋት ጀምሬ ሦስት ቃል አላስጨረስከኝም።

ዋሴ፦ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። አለቀ። ልጄን በአፌ በላሁት!

አምባቸው፦ አልተዛመዳችሁም። [ከደረት ኪሱ ደብተር አወጣ] ሁለት ወር ሙሉ ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞርኩ ቆጥሬአለሁ። እነሱ ከጭልጋ፣ እናንተ ከወገራ። ሰባቱን አልፌ እስከ ዘጠኝ ቤት ሄድኩ፤ አንድ ወንፊት እንኳ አልተዋዋሳችሁም።

ዋሴ፦ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ምነው ዝም አልክ?

አምባቸው፦ አንተ የምታውቀው አልቆ ተራ እስኪደርሰኝ ነዋ!

ዋሴ፦ በል፣ አሁን ደውልና ንገራት!

አምባቸው፦ የሙሽራው አባት የተናገረውን እኔ ልሽረው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። "ዘመድ ነን" ያልከው አንተ ነህ፤ "አላውቅም" የምትላትም አንተ ነህ።

ዋሴ፦ "ረሳሁት" ብላትስ?

አምባቸው፦ የረሳ ሰው ነገ ያስታውሳል። "አላውቅም" ነው።

ዋሴ፦ "በደንብ አላጣራሁም"?

አምባቸው፦ አላውቅም!

ዋሴ፦ አላ... አላው... [ላቡን ጠረገ] ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም እኮ!

[የቃዲማው አውቶቡስ ታጥፎ ብቅ አለ።]

አምባቸው፦ ሄሊኮፕተር ልትገዛለት ነበር። አንድ ቃል አቃተህ?

[ዋሴ አቀረቀረ። ከዚያ ደወለ።]

ዋሴ፦ [በስልክ፣ ቀስ ብሎ] ሊሂ፣ ልጄ... አትዝጊው። የናኦር አባት ነኝ። ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፤ ለሃናኻው ስል ነው የቀባጠርኩት። ጀንበሬን አላውቅም። አባቱንም አላውቅም። ስለ ሄሊኮፕተርም አላውቅም። የገዛ ልጄ ምን እንደሚወድ እንኳ አላውቅም ነበር። ምንም... ምንም አላውቅም።

[አዳመጠ። ስልኩን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አውቶቡሱ በሩን ከፈተ፤ አምባቸው አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ዞረ።]

አምባቸው፦ ምን አለች? ቶሎ በል፣ ሊሄድብኝ ነው!

ዋሴ፦ ሳቀች።

አምባቸው፦ ተመስገን! ከሳቀችስ በኋላ?

ዋሴ፦ "አባባ፣ ምንም እንደማያውቁማ ናኦር ድሮ ነግሮኛል" አለችኝ።